መልስ፦ የቆየ ቀልድ መቼ ነው የሚተወው?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሦስት ዓመት ያቀረብኸው ቀልድ አሁን ተመልካቹን እንደማያስቀው ገልጸህ፣ አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በመድረክ ላይ እንዴት እንደዘለቀ ጠይቀሃል።

ካርሊን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ የተወለደ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ከረባት አስሮ በቴሌቪዥን ጨዋ ቀልድ ያቀርብ ነበር፤ በ1970 አካባቢ ግን ጺሙንና ጸጉሩን አሳድጎ ማኅበረሰቡን ወደሚነቅፍ ቀልድ ዞረ። በ1972 ሚልዋኪ ከተማ ላይ ጸያፍ ቃል ተናግረሃል ተብሎ ታስሯል፤ የዚሁ ዓይነት ቀልዱ በሬዲዮ በመተላለፉ የተነሳው ክርክርም በ1978 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አግኝቷል። ይህ ታሪክ ዝነኛ ቢሆንም ለአንተ ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም።

የሚጠቅምህ ሌላው ነው። ካርሊን በ2008 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ለኤችቢኦ ቴሌቪዥን 14 ዝግጅቶችን ያቀረበ ሲሆን፣ አንዱ ተቀርጾ ከተላለፈ በኋላ በአብዛኛው ያንን ትቶ አዲስ መጻፍ ይጀምር ነበር። ብልጭ ያለለትን ሐሳብ ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በርዕስ በርዕሱ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር።

ይህ አሠራር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይመስለኝም። በዋሸራም ሆነ በዲማ የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ይዞ አይቀርብም፤ ቀን ጥሻ ሥር ተከልሎ ሲቆጥር የዋለውን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ የተበላሸውም ይቃናለታል።

ስለዚህ የሦስት ዓመቱን ቀልድ በአንድ ጀምበር አትጣለው፤ በየዝግጅቱ አምስት ደቂቃ አዲስ ጨምርበት፣ እሱንም ማርቆስ ከማቅረብህ በፊት ደጀን ወይም ቡሬ በሚገኝ አነስተኛ አዳራሽ ሞክረው።