ቋንቋ ለምታጠኑም ለምታምኑም ልጆቼ

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፣ ሊንጉስቲክስ፣ ማለት የቋንቋ ሳይንስ፣ ስንማር እምነታችን አይላላም ወይ ትሉኛላችሁ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የሸመገልኩት፣ እስቲ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ወጣት እያለሁ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ፍቅር ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጋፔ ማለት የእግዚአብሔር ፍቅር ብቻ ነው፣ ፊሊያ የጓደኛ ነው እያልኩ አስተምር ነበር፣ ሰውም ደስ ይለው ነበር። በኋላ ቃሉ የገባበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ስለቅም ግን ጢሞቴዎስ ሁለተኛው 4፥10 ላይ "ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛልና" የሚለው ያው የአጋፔ ግስ ሆኖ አገኘሁት። በብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም ደግሞ አምኖን ትዕማርን ወደዳት የሚለው፣ ያ የሚዘገንነው ታሪክ፣ እሱም ያው ቃል ነው። አብ ልጁን ይወዳል ሲል ራሱ ዮሐንስ 3፥35 ላይ የአጋፔን ግስ፣ 5፥20 ላይ የፊሊያን ነው የጻፈው።

በጣም ደነገጥኩ። ለሳምንታት ዝም አልኩ፣ ይሄ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም በጥናቴ ላይ የማይመቸኝን ዳታ ብደብቅ ውሸት ነው የምለውን ነገር እምነቴ ላይ ስሠራው ነበር።

ሥረ ቃል አትዩ ማለቴ አይደለም። ዮሐንስ 3፥8 ላይ ነፋስም መንፈስም በግሪኩ አንድ ቃል ነው፣ ፕኔውማ፣ ጨዋታው ጽሑፉ ውስጥ አለ፣ በአማርኛም ነፋስና መንፈስ ከአንድ ሥር ስለወጡ ጆሯችን ትንሽ ይሰማዋል፣ ይሄን ሳነብ ሁሌ ደስ ይለኛል። ግን እዛ የሠራ ነገር ሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም፣ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከገባበት ዓረፍተ ነገር ነው።

የቋንቋ ሊቁን ኬኔት ፓይክን አንብቡ። ፎነሚክና ፎነቲክ ከሚሉት የድምፅ ጥናት ቃላት ኢሚክና ኢቲክን፣ ማለት ነገሩን ከባለቤቶቹ ዓይን ማየትንና ከውጭ ሆኖ ማየትን፣ ያወጣው እሱ ነው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችን ሲያሠለጥን የኖረ አማኝም ነበር። ሰው "በግሪኩ እንዲህ ማለት ነው" ሲላችሁ ጥቅሶቹን በሙሉ አውጥታችሁ እዩ፣ የምታከብሩት አስተማሪ ቢሆንም፣ እኔም ብሆን።

በመጨረሻ እዛው ጥናት ተመልሼ ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። አንዲት እናት "ታዲያ ፍቅሩስ?" አሉኝ። አንደኛ ዮሐንስ 4፥10ን አወጣሁና ልጁን እንደ ላከ የሚለውን ሳልቸኩል እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።