የአባትህን ሸክላዎች ስልክ አይተካቸውም

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ይሄ ነው፦ አባትህ የተዋቸው የድሮ የዘፈን ሸክላዎች አሉህ፤ አሜሪካ ያለው አጎትህ ማጫወቻ ሊልክልህ ነው፤ ዘፈኖቹን ግን ዩቲዩብ ላይ ስለምታገኛቸው ልዩነት ይኖረው እንደሆነ ማወቅ ፈልገሃል። ልዩነት አለው። ብዙ ሰው በሚያወራው ምክንያት ግን አይደለም።

በቴክኒክ ብቻ ካየነው ዲጂታል ይበልጣል። በሲዲ፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ስፋት አለ። ሸክላ፣ ጥሩ ከሆነ፣ 70 አካባቢ ነው። መርፌው ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥርም ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል። ስለዚህ ዘንድሮ የወጣ አልበም በሸክላ ግዛ አልልህም።

የእኛ የድሮ ዘፈን ግን ሌላ ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር ዘፈን ለአድማጭ የሚደርሰው በሸክላ ነበር። በኋላ ካሴት መጣ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖረ። ዩቲዩብ ላይ የምትሰማው ብዙ ጊዜ የዚያ ቅጂ ቅጂ ነው። ሳክስፎኑ ታፍኗል፣ ከበሮው ደብዝዟል። እኔ ቤት አንዱን ዘፈን ከሸክላውም ከስልክም ጎን ለጎን ሳዳምጠው፣ ቤዝ ጊታሩ ምን እንደሚጫወት የለየሁት ከሸክላው ነው። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ዲጂታል ካገኘህ ግን፣ ለምሳሌ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ሰብስቦ ያሰናዳውን የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ፣ ሳትሳቀቅ እሱን ስማ። ዋናው ነገር ቅጂው ከየት እንደመጣ ነው።

አሁን ወደ ማጫወቻው። እዚህ ላይ አደራህን ልብ በል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስልሃል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚሽከረከረው በኸርዙ ልክ ነው። ስለዚህ ለ60 ኸርዝ የተሠራው እዚህ ሲሰካ፣ በደቂቃ 45 ዙር መሄድ ያለበት ሸክላ 37.5 ብቻ ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ እንደተጫነው ሰው ይጎተታል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ሞተሩ ሳህኑን በቀበቶ የሚያዞር ከሆነ ለ50 ኸርዝ የሚሆን ፑሊ (ቀበቶው የሚጠመጠምበት ትንሽ ጎማ) የሚገኝላቸው አሉ። በአዳፕተር የሚሠራ፣ ዲሲ ሞተር (ፍጥነቱ ከመብራቱ ኸርዝ ጋር ያልተያያዘ) ያለው ከሆነ ግን ይህ ችግር የለበትም፤ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን ብቻ አረጋግጥ።

ማጫወቻው ውስጥ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ እንዳለም አጎትህ ይጠይቅልህ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ያንን የሚመልሰው ይህ ዕቃ ነው። ያለ እሱ ድምፁ የሳሳ ይሆንብሃል። የሻንጣ ቅርጽ ያላቸውን ርካሽ ማጫወቻዎች ተዋቸው፤ ብዙዎቹ መርፌያቸው ከባድ ነው፣ የአባትህን ሸክላ ይበላዋል።

ሸክላዎቹን አቁመህ አስቀምጣቸው እንጂ አትደራርባቸው፤ ፀሐይም አታስነካቸው። አቧራውን ሳትጠርግ መርፌ አታሳርፍ። ከዚያ አንድ ጊዜ በደንብ ወደ ኮምፒውተር ቅዳቸው። በየቀኑ ቅጂውን ስማ፣ ሸክላውን ቅዳሜና እሁድ አውጣው።

አጎትህ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ኸርዙን አብረን እናየዋለን።