ለምን ሁልጊዜ ጉበት? ጥያቄና መልስ ስለ አር ኤን ኤ አይ ሕክምና

መላሽ፦ እስከ ማታ አራት ሰዓት አለሁ። ርዕሳችን አንድ ነው፦ አር ኤን ኤ አይን፣ ማለትም በአጭር አር ኤን ኤ ጂንን ዝም የማሰኘት ዘዴን፣ በመረጥነው የአካል ክፍል ብቻ ማሠራት። መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ሃያ ምናምን ፊደል ያላት አጭር አር ኤን ኤ ሴል ውስጥ ትገባለች፣ አቻዋን መልእክት (ከጂን የወጣውን የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ) ታገኛለች፣ መልእክቱ ይቆረጣል፣ ፕሮቲኑ ሳይሠራ ይቀራል። የማንንም የላብራቶሪ ውጤት አላይም። መድኃኒት ጀምሩም አቁሙም አልልም።

ኮረሪማ፦ ጋሼ፣ የጸደቁት መድኃኒቶች ሁሉ ጉበት ላይ ናቸው። ለምን?

መላሽ፦ ለዚህች ጥያቄ ነው የመጣሁት። በ2018 የጸደቀው የመጀመሪያው መድኃኒት ፓቲሲራን በስብ ጠብታ ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ደም ውስጥ ሲገባ አፖ ኢ የሚባል ፕሮቲን ይለጠፍበታል። ጉበትም የራሱ ስብ የመጣ መስሎት ይውጠዋል። አድራሻውን የጻፈው ሰውነታችን ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ጋልናክ የሚባል ስኳር መጣ። የጉበት ሴል ይህን ስኳር የሚይዝ ተቀባይ በገፍ አለው፣ ሌላው ሴል ግን እምብዛም የለውም። አር ኤን ኤዋ ላይ ሦስት ስኳር አንድ ላይ ትቀጥልና ከቆዳ ሥር ትወጋለህ፣ አለቀ። ጊቮሲራን በ2019፣ ሉማሲራን በ2020 በዚህ መንገድ ጸደቁ። የኮሌስትሮሉ ኢንክሊሲራንም እንደዚያው ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በዓመት ሁለቴ ይበቃል።

ግን መድረስ ሌላ፣ መሥራት ሌላ! ሴሉ የዋጠውን መጀመሪያ ኢንዶዞም በምትባል ከረጢት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከመቶ አንዷ እንኳ ከዚያ አታመልጥም። ጉበት ብዙ ስለሚውጥ ያመለጠችው ትበቃዋለች። ጡንቻ ያን ያህል አይውጥም። «የጡንቻ አድራሻ ካገኘን ጨረስን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ቡናዬ፦ ዶክተር፣ ለስኳር በሽታ ይሆናል?

መላሽ፦ የትኛው ጂን? የትኛው ሴል? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለውም። ቀጣይ።

ሀቀኛ፦ ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ጂን ሕክምና አይባልም። ጂኑ አልተነካም።

ላሊበላ7፦ ይባላል እንጂ! ደግሞ «ጂን» ሳይሆን «ዘረመል» በል፣ ቋንቋ አለን።

ሀቀኛ፦ አያቴ «ጂን» ስል ሰይጣን ነው የሚመስላቸው፣ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ዘረመል ብትለውም አልተነካም።

ላሊበላ7፦ በቫይረስ ሲሰጥስ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። መርፌዋ ጊዜያዊ ናት፣ መልእክቱን እንጂ መዝገቡን፣ ጂኑን ራሱን፣ አትነካም። አር ኤን ኤዋን የሚያመርት ጂን በቫይረስ ጭነህ ካስገባህ ግን ያ ጂን ሕክምና ነው። የቃላቱን ጉዳይ ጓዳ ግቡና ጨርሱ።

አምስተኛ ዓመት፦ ቫይረሱ የትም ይሂድ፤ ፕሮሞተሩን (የጂኑን ማብሪያ) መርጠን በአንድ ቲሹ ብቻ ብናበራውስ?

መላሽ፦ ጎበዝ! የለመድነው ዩ6 ፕሮሞተር በሁሉም ሴል ይበራል፣ ያውም በኃይል። በ2006 የወጣ የአይጥ ጥናት አለ። 49 ዓይነት የፀጉር ቆንጥጥ አር ኤን ኤ (እንደ ፀጉር መቆንጠጫ የታጠፈች፣ ስትቆረጥ አጭሯን አር ኤን ኤ የምትሰጥ) በቫይረስ ጉበታቸው ውስጥ አስገቡ። 36ቱ ጉበት ጎዱ፣ 23ቱ መጨረሻ ላይ ገደሉ። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው። የሴሉ የራሱ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች (መልእክት እየያዙ ዝም የሚያሰኙ አጫጭር አር ኤን ኤዎች) ከኒውክለስ፣ ከሴሉ እምብርት፣ የሚወጡት ኤክስፖርቲን 5 በሚባል በር ነው፤ የእኛው ጭነት በሩን ዘጋባቸው። ስለዚህ ዛሬ ቆንጥጧን በማይክሮ አር ኤን ኤ ቅርጽ ትሠራታለህ፣ የጡንቻ ወይም የነርቭ ፕሮሞተር ሥር ታስቀምጣታለህ። በልክ ትመረታለች፣ በተመረጠው ሴል ብቻ።

አምስተኛ ዓመት፦ ጉበትን ለመከልከል የማይክሮ አር ኤን ኤ 122 ማረፊያ ብንጨምርበትስ? ጉበት ውስጥ ሞልቶ የለ?

መላሽ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፕሮቲን ለሚያሠራ ጂን ግሩም ዘዴ ነው፣ መልእክቱ ከኒውክለስ ውጭ ወዳለው የሴሉ ክፍል፣ ወደ ሳይቶፕላዝም፣ ወጥቶ እዚያ ይያዛላ። የእኛ ቆንጥጥ ግን ገና ኒውክለስ ውስጥ ሳለች ተቆርጣ ወጥታለች። ፖሊሱ ውጭ በር ላይ ቆሞ የሚይዘው ባዶ ሳጥን ነው።

ሰላም ነው፦ ጉበት ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?

መላሽ፦ ኧረ ወደ ላይ አንብብ ወንድሜ።

እሙ፦ እናቴ የኮሌስትሮል ኪኒን ትወስዳለች። በመርፌው ልተካላት?

መላሽ፦ የመጀመሪያውን መልእክቴን አንብቢ። ኪኒኗን በራስሽ እንዳታስቆሚያት። ሐኪሟን ጠይቂ።

ላሊበላ7፦ ዋጋውስ?

መላሽ፦ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር አንዷ የኢንክሊሲራን መርፌ 3,250 ዶላር ነበረች። ሌላ የዋጋ ጥያቄ አልቀበልም።

ኮረሪማ፦ እሺ አንጎልና ጡንቻስ?

መላሽ፦ ለአንጎል በአከርካሪ ፈሳሽ በኩል ይወጋል፤ አር ኤን ኤዋ ላይ የስብ ጅራት እየቀጠሉላት የሚሞክሩ አሉ። ለሀንቲንግተን፣ ለሚወረሰው የአንጎል በሽታ፣ ደግሞ ቫይረሱን በቀዶ ጥገና አንጎል ውስጥ የሚያፈስ ሙከራ አለ። ለጡንቻ የትራንስፈሪን (ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን) ተቀባይን በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ያስሩታል። ያ ተቀባይ ግን ቀይ የደም ሴል ሊሆኑ ባሉት ሴሎች ላይም ሞልቷል። አድራሻው የአንድ ቤት ሳይሆን የሰፈር ነው። ቢደርስስ? መድረስ ሌላ...

ሀቀኛ፦ ...መሥራት ሌላ። ገባን ጋሼ!

ቡናዬ፦ ዶክተር፣ ተመለስኩ። ሴሉ ኢንሱሊን የሚያመርተው የቆሽት ቤታ ሴል ነው። በየትኛው በር ይገባል?

መላሽ፦ አሁን ገና ጠየቅህ! ቤታ ሴል ጂ ኤል ፒ 1 የሚባለው ሆርሞን ተቀባይ አለው። በ2018 ከዚያ ሆርሞን ጋር የታሰረ አንቲሴንስ ቤታ ሴል ውስጥ ገብቶ ጂን ዝም እንዳሰኘ በአይጥ ታይቷል። አንቲሴንስ አንድ ዘንግ ነው፣ የአር ኤን ኤ አይ ዘመድ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። በሩ ግን ያው ነው። የትኛውን ጂን ዝም ልታሰኝ ነው? እሱን ጻፍልኝና እንቀጥላለን፣ ገና ሩብ ሰዓት አለኝ።