ታማ የወደቀችን ላም በቅርጫ ስለመካፈል

የጎረቤትዎ ላም ታማ ከወደቀች በኋላ «ሳትሞት አርደን በቅርጫ እንካፈላት» መባሉን፣ እርስዎም እምቢ ቢሉ በክፉ ቀን ጎረቤት እንደከዱ እንዳይቆጠርብዎ መስጋትዎን አንብቤያለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ከብት በሚያረባ ቤተሰብ ውስጥ ስላደግሁና ዛሬም ጥቂት ላሞች ስላሉኝ፣ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ።

በእኛ ዘንድ ቅርጫ የበዓል ሥጋ መካፈያ ብቻ ሳይሆን፣ በሬ ገደል ሲገባ ወይም እግሩ ሲሰበር ለባለቤቱ የሌላ በሬ መግዣ የሚሰባሰብበት መንገድም ነው። ልጅ ሳለሁ የአባቴ በሬ በሁዳዴ ከገደል ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ወንዶቹ እዚያው አርደው፣ ከየብልቱ እየቆረጡ በቅጠል ላይ 12 መደብ ደረደሩና በእንጨት ስባሪ ዕጣ ተጣጣሉ። ጾም ስለነበር ማንም አልቀመሰውም፤ ሥጋው በየቤቱ ቋንጣ ሆኖ እስከ ፋሲካ ተሰቀለ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለሙሉ በሬ ባይበቃም፣ አባቴ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምሮ ክረምቱን አረሰ።

ይህ ሁሉ ግን ጤነኛ ሆኖ ለተሰበረ እንስሳ ነው። ለታመመው አይሠራም፤ ምክንያቱም በሽታው አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ከሆነ ሲያርዱ፣ ሲገፉና ሲበልቱ በእጅ ቁስል በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ ሥጋውን ቋንጣ ማድረግም ተሕዋሲውን አይገድለውም። ሬሳው ከተከፈተ ተሕዋሲው ጠንካራ ዘር አበጅቶ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ድንገት የሞተ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከብት ካዩ ቢላዋ እንዳይነካው፤ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የታመመች ሁሉ አባ ሰንጋ አለባት ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በዓይን ብቻ ለመለየት የእንስሳት ሐኪምም ይቸገራል። መርፌ የተወጋች ከሆነችም መድኃኒቱ ከሥጋዋና ከወተትዋ የሚወጣበት የቀን ገደብ አለ።

የምጸጸትበትን ደግሞ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የአንድ ጎረቤቴ ላም በአንድ ሌሊት ሞተች፤ ባለሙያው አይቶ ሳትከፈት እንድትቀበር አዘዘ፤ ጉድጓዱንም አብረን ቆፈርን። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ገንዘብ አላዋጣም፤ እኔም «ሥጋ ሳልወስድ ምን ብዬ እከፍላለሁ» ብዬ ዝም አልሁ። ሰውየው አንድም ቃል ሳይናገር ለብዙ ወራት ከቤቴ ደጃፍ ቀረ፤ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጊደር በርቢ ሰጥቼው ወተቱን እየጠጣ ጥጆቹን ለሁለት ስንካፈል ነው ቂሙ የለዘበው። ዛሬ በመንደራችን ሥጋው ተበላም ተቀበረም፣ መዋጮው አይቀርም።

ስለዚህ ስለ ሥጋው ከመናገርዎ በፊት የመደብዎን ዋጋ ይዘው ይሂዱና ለባለቤቱ በእጁ ይስጡት፤ ከዚያ «ሐኪም ይይልን» ቢሉ እንደ ስስት የሚቆጥርብዎ አይኖርም። ላሟ የምትጠባ ጥጃ ካላትም፣ ዛሬውኑ የምትታለብ ላም ካለው ቤት ወተት ይፈለግላት፤ ስለ እናቲቱ ሲከራከሩ ጥጃዋ በረሃብ እንዳትሞት።