ሽፍት ላይ ያያችሁትን ጻፉት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከሥራ ስትወጣ ደወለችልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን የምትንከባከብ ረዳት ነርስ (ሲኤንኤ) ናት። «ጋሼ፣ ነርሲንጉን ልቀጥል ወይስ ሕግ ልማር? የጤና ሕግ የሚባል ሙያ አለ አሉኝ። እንጀራ ይወጣዋል?» አለችኝ። ያወራነው እሷን ብቻ የሚመለከት አልመሰለኝም።

እንጀራ ይወጣዋል። ግን መንገዱ ረጅም ነው።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በዊልቸር አመላልስ ነበር። አንድ ምሽት ድንገተኛ ክፍል አንዲት እናት ተኝታለች። ከጎኗ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ልጇ ቆማለች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። ሐኪሙ ለልጅቷ ይነግራታል፤ እሷ ለእናቷ ትተረጉማለች። «ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ናሙና እንወስዳለን» አለ። ልጅቷ ዝም አለች። እናትየው «ምን አለ?» አለቻት። «ደህና ነሽ፤ ትንሽ ምርመራ ብቻ ነው አለ» ብላ መለሰች። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛዋለች። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አላወቅሁም ነበር።

በኋላ ስማር ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ ሀገሩ ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። ቋንቋም እዚያ ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለውን፣ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ ደግሞ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ፦ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር ሆስፒታል ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ አማርኛ እዚያ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ሕግ በራሱ አይመጣም። ጉዳዩን ያጠኑ፣ የጻፉ፣ ምክር ቤት ቀርበው የተሟገቱ ሰዎች ያመጡት ነው። የጤና ፖሊሲና ሕግ ምሁር ሥራ ይሄው ነው።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። እዚህ አገር ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው በሽተኛ የክፍያ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። የመጀመሪያው ቢል ከደረሰ በኋላ በሽተኛው እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይችላል። ስንት ወገናችን ይህን ሳያውቅ ክሬዲት ካርዱን አሟጧል! ሕጉ አለ፤ ሰዉ ዘንድ አልደረሰም። ለምን? ወረቀቱ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ማን ነገረው? በጥያቄው ላይ አምስት ዓመት መሥራት ይቻላል። አጥኚው አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ቢሆን ደግሞ ከቢሮ የማይታየውን ያያል። ስለዚህ ያጠባችሁት ሽንት ቤት፣ የገፋችሁት ዊልቸር የባከነ ጊዜ ነው ብላችሁ አታፍሩበት። ማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሎው ስኩል ሦስት ዓመት ነው፤ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ብዙ ጊዜ ሁለት። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች በአራት ዓመት ይጨርሱላችኋል። ሎው ስኩልን ብዙ ሰው የሚማረው በብድር ነው። ፒኤችዲ ግን ጥሩ ፕሮግራም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱንም ይከፍላል፣ የወር መኖሪያም ይሰጣል። ፍርድ ቤት መቆም ወይም ሕግ ማስተማር ከፈለጋችሁ የሕግ ዲግሪው ግድ ነው። ፖሊሲ ማጥናት ከሆነ ልባችሁ፣ ዕዳ ውስጥ ሳትገቡ በፒኤችዲ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ተበድሬ ገባሁ። ዕዳው ልጆቼ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ተከትሎኛል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ። የምዝገባ ቢሮ ጸሐፊም ሆናችሁ የላብራቶሪ ረዳት፣ ግቡና ማስተርሱን በዚያ ተማሩ። ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ተቋም የሚሠራ ሰው 120 ጊዜ ከከፈለ ቀሪውን የፌዴራል ብድር የሚያነሳ ፕሮግራምም አለ። የብድር ደንብ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ከመፈረማችሁ በፊት የዚያን ዓመቱን አንብቡ።

አገር ቤት ሕግ ተምራችሁ የመጣችሁ ከዜሮ አትጀምሩም። የአንድ ዓመት የሕግ ማስተርስ (ኤልኤልኤም) ኒውዮርክ ላይ ለጥብቅና ፈተና መንገድ ሊከፍት ይችላል። ግን ለትምህርቱ ከመክፈላችሁ በፊት የፈተና ቦርዱ ማስረጃችሁን ይመርምር። ግምገማው ወራት ይፈጃል።

ሰው ሳይነግራችሁ የምትገቡበት አንድ ችግር አለ። የጤናው ዓለምና የሕጉ ዓለም አጻጻፋቸው አይገናኝም። የጤና ጆርናል አጭር ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አምስት ስድስት ሰው አብሮ ይፈርምበታል። የአሜሪካ የሕግ መጽሔት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር የግርጌ ማስታወሻ ያለው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ለብቻው የጻፈው ረጅም ሥራ ነው። አንዱ ጋ የሚያስከብራችሁ ሌላው ጋ ላይቆጠር ይችላል። ፕሮፌሰርነት የምትፈልጉ በየትኛው ቤት እንደምትቀጠሩ ቀድማችሁ ወስኑ። ሁለቱን አጣምረው የተማሩ የእኛው ሰዎች ግን አሉ። ዶ/ር ሰናይት ፍስሐ ሕክምናውንም ሕጉንም ተምረው ነው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት።

አገር ቤትንም አትርሱ። በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ጠፋ፤ ትዝ ይላችኋል። ያ አዋጅ በተግባር ምን ለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል። የሐኪም ጥፋት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲዳኝ ኖሯል፤ እሱም ገና ብዙ ይጻፍበታል። እዚህ ላይ አማርኛችሁ ትልቅ ሀብት ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ምሁር ሕጉን በከፊል ነው የሚያየው።

ለደወለችልኝ ልጅ መጀመሪያ የሰጠኋት ሥራ ቀላል ነው። ደብተር ግዢ፣ ከሽፍት ስትወጪ ያልገባሽን አንድ ነገር ጻፊ አልኳት። የበሽተኛ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀን አይጻፍም። የሰው ምስጢር ነው፤ ሕጉም አይፈቅድም። ጥያቄው ብቻ ይበቃል።

ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አንድ አባት ሲገቡ የፈረሙት ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ማን አነበበላቸው?»