ስዊች በብሮውዘር ማስተዳደር ሙያ አይደለም ላሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ደብረ ማርቆስ ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ጨርሰሻል። ሲኦሲውንም አልፈሻል። አሁን ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በአይሲቲ ድጋፍ በኮንትራት ሊቀጥርሽ ነው። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን፣ ኬብል መዘርጋትና የቢሮውን ስዊቾች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኙትን መሣሪያዎች፣ በብሮውዘር ማስተዳደር ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ዘመድሽ ግን «በብሮውዘር እየነካኩ መዋል የኔትወርክ ሙያ አይደለም፤ ዋናው ሥራ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ እዚያ ገብተሽ ጊዜሽን አታቃጥዪ» ብሎሻል። ልያዘው ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ የተሻለ ልጠብቅ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ያዢው።

ዘመድሽ ክፉ አላሰበልሽም። እሱ ከሚያየው ተነስቶ ነው የተናገረው። ትልቅ ዳታ ሴንተር ውስጥ መቶ ስዊች አንድ በአንድ በብሮውዘር ከፍቶ ማስተካከል አይታሰብም። አንቺ የምትገቢበት ቤት ግን ሌላ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ አስፋልቱን ተከትለሽ ብትሄጂ በየከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ኮሌጅ፣ ሆቴል አለ። አብዛኛው ቤት ውስጥ የምታገኚው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ራክ (የመሣሪያ ሳጥን) ነው፤ በውስጡም አንድ ወይ ሁለት ባለ 24 ፖርት፣ ማለትም ባለ 24 የኬብል መሰኪያ፣ ስዊች። ስማርት ስዊች የሚባሉት ዋጋቸው ቀለል ያሉ ዓይነቶች ደግሞ በዋናነት የሚስተካከሉት በብሮውዘር ነው። ጥቁር ስክሪን ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። እነዚህን ቢሮዎች ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ግን በደንብ ስሚኝ። ሥራውን ያዢ ስልሽ ገጹን ከፍተሽ ያገኘሽውን ጫኚ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱን ነገር ስትጫኚ ስዊቹ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ማወቅ አለብሽ። እሱን ካወቅሽ ነገ ወደ ጥቁሩ ስክሪን መሻገር ቀላል ነው። ካላወቅሽ ግን ትእዛዝ ብትሸመድጂም የትም አያደርስሽም።

ከአገባቡ ልጀምር። በቅድሚያ ስዊቹ የሚተዳደር ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። ሰክተሽ ብቻ የምትጠቀሚባቸው ተራ ስዊቾች ምንም ገጽ የላቸውም። አድራሻ ስትጽፊ ብትውዪም አይከፈትልሽም። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው አንብቢና ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ማኑዋሉን አውርደሽ ላፕቶፕሽ ላይ አስቀምጪ።

የሚተዳደር ከሆነ ገጹ ያለው እዚያው ስዊቹ ውስጥ ነው። ለመክፈት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ሲጠፋ የኔትወርክ ሥራ ሁሉ የቆመ ስለሚመስል ነው። ዳታ ለሳምንት ባይኖር እንኳ ላፕቶፕና አንድ ኬብል ይዘሽ ስዊቹን መክፈትም፣ ማስተካከልም፣ ቁጭ ብሎ መማርም ትችያለሽ።

አዲስ ስዊች ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው አድራሻ አለው። የኔትጊር ስማርት ስዊቾች ብዙ ጊዜ 192.168.0.239 ናቸው። የዲ-ሊንክ 10.90.90.90፣ የሲስኮ የአነስተኛ ቢዝነስ ስዊቾች 192.168.1.254፣ ብዙዎቹ የቲፒ-ሊንክ ደግሞ 192.168.0.1። ኔትወርኩ ላይ አድራሻ የሚያድል መሣሪያ ካለ ሌላ አድራሻ የሚቀበሉም ስላሉ ስዊቹን ለብቻው ከላፕቶፕሽ ጋር ብታገናኚው ይሻላል። ከዚያ ለላፕቶፑ በዚያው ክልል ያለ አድራሻ በእጅሽ ትሰጪዋለሽ። ስዊቹ 192.168.0.239 ከሆነ ላፕቶፑን 192.168.0.10 አድርጊው፤ ማስኩን 255.255.255.0። ብሮውዘሩ ላይ የስዊቹን አድራሻ ስትጽፊ ገጹ ይመጣል። እምቢ ካለሽ ዋይፋይሽን አጥፊ። ዋይፋዩም በዚያው የአድራሻ ክልል ከሆነ ላፕቶፑ በየት በኩል እንደሚልክ ይምታታበታል።

ብሮውዘሩ ገጹ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ሊያስጠነቅቅሽ ይችላል። ስዊቹ ራሱ ለራሱ የፈረመውን ሰርተፍኬት ስለሚያቀርብ ነው። ኬብሉ ከላፕቶፕሽ ቀጥታ ወደ ስዊቹ ከገባ ማለፍ ትችያለሽ። የባንክ ገጽ ላይ ያው ማስጠንቀቂያ ቢመጣብሽ ግን በፍጹም እንዳታልፊ። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ገብተሽ መጀመሪያ የፋብሪካውን ፓስወርድ ለውጪ።

አሁን ወደ ቪላን ልምጣ፤ አንዱን ኔትወርክ ወደተለያዩ ክፍሎች መለያያ ማለት ነው። ጊዜሽን የምታሳልፊበት ቦታ ይህ ነው። አዲስ ስዊች ላይ ሁሉም ፖርት ቪላን 1 ውስጥ ነው። የፋይናንስ ኮምፒውተርና የእንግዳ ዋይፋይ አንድ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ቪላን በአንድ ስዊች ላይ እያሉ ይለያያቸዋል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4094 መሆን ይችላል። ገጹ ላይ ታግድ (የቪላን ቁጥር ምልክት ያለው)፣ አንታግድ (ምልክቱ የሌለው) እና ፒቪአይዲ የሚሉ ሦስት ቃላት ታገኛለሽ። የኮምፒውተርና የፕሪንተር ኬብል የሚሰካበት ፖርት አንታግድ ይሆናል። ወደ ሌላ ስዊች ወይም ወደ ራውተር የሚሄደው፣ የብዙ ቪላን ትራፊክ (የሚተላለፍ መረጃ) የሚሸከመው፣ ታግድ ይሆናል። ፒቪአይዲ ደግሞ ምልክት ሳይኖረው ወደ ፖርቱ የገባው ትራፊክ ወደ የትኛው ቪላን እንደሚሄድ ይወስናል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በዚህች በመጨረሻዋ ነው። ፖርት 7ን ቪላን 20 ውስጥ አንታግድ ያደርግና ፒቪአይዲውን 1 ላይ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ የሚልከው ሁሉ ወደ ቪላን 1 ይገባል፤ ቪላን 20 ያሉት አያዩትም። መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ግን «ኔትወርክ የለም»። በሲስኮ ትእዛዝ ሲሠራ ሁለቱ ነገሮች በአንድ መስመር አብረው ይስተካከላሉ። ስለዚህ በትእዛዝ ብቻ የተማረ ጎበዝ ባለሙያ እንኳ እዚህ ገጽ ላይ ሊቸገር ይችላል። ብሮውዘሩ ከትእዛዙ ጀርባ ተደብቆ የነበረውን ነገር ለየብቻ አውጥቶ ያሳይሻል። ለተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ሌላው ወጥመድ ራስን ውጭ መቆለፍ ነው። አንቺ ፖርት 5 ላይ ተሰክተሽ ፖርት 5ን ራሱን ወደ ቪላን 20 ብታዛውሪው አፕላይ ባልሽበት ቅጽበት ገጹ ይሞታል፤ ስዊቹ የሚተዳደረው አሁንም በቪላን 1 ነውና። ሌሎቹን ፖርቶች አስቀድመሽ ጨርሺ። አንዱን ፖርት፣ ለምሳሌ 24ን፣ ለማስተዳደሪያ ብቻ ትተሽ ሁልጊዜ በእሱ በኩል ግቢ።

አፕላይና ሴቭ በብዙ ስዊቾች ላይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አፕላይ ስትዪ ለውጡ አሁኑኑ ይሠራል፤ የተጻፈው ግን መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ነው። ሴቭ ካላልሽው ስዊቹ ተነስቶ ሲበራ የሚያነበው የድሮውን ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ በሚውልበት ከተማ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ሰኞ በትክክል ያስተካከልሽው ሐሙስ ጠዋት የለም፤ ሰዉ ደግሞ «ልጅቷ አበላሸችው» ይላል። በአንዳንዶቹ ገጹ አናት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል የሴቭ ምልክት አለ። አፕላይ ሲባል ራሳቸው የሚያስቀምጡም አሉ፤ የአንቺ የትኛው እንደሆነ ማኑዋሉ ይነግርሻል። ሴቭ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለራስሽ ጥቅም ማዋል ትችያለሽ። አስጊ ለውጥ ስትሠሪ ሴቭ ሳትዪ ሞክሪው። ገጹ ከጠፋብሽ የስዊቹን መብራት ነቅለሽ ስትሰኪ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም መሥራቱን ካየሽ በኋላ ሴቭ በዪና ባክአፑን (ያስተካከልሽውን ቅጂ) አውርደሽ ቀኑን ስም አድርገሽ አስቀምጪው።

የፖርት ስታቲስቲክስ የሚለውን ገጽ ብዙ ሰው አይከፍተውም። አንቺ በየሳምንቱ ክፈቺው። ኬብል መክተፍና ክሪምፕ ማድረግ በእጅሽ ተምረሻል፤ ይህ ገጽ ያንን የእጅ ሙያ ወደ ቁጥር ይለውጥልሻል። አንድ ፖርት ላይ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ ቁጥር) እየጨመረ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከጫፉ ነው። ሌላም አለ። ስዊቹም ኮምፒውተሩም 1000 ሜጋቢት የሚችሉ ሆነው ገጹ 100 ካሳየሽ ክሪምፑን ጠርጥሪ። 1000 ለመሥራት የኬብሉ 4 ጥንድ ሽቦዎች ሁሉም መድረስ አለባቸው፤ ለ100 ግን 2 ጥንድ ይበቃል። ለ100 ከማያስፈልጉት ጥንዶች አንዷ ሽቦ በደንብ ሳትነካ ስትቀር ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ አይቋረጥም፣ ይንቀረፈፋል። ሠራተኛው «ሲስተሙ ዘገየ» እያለ ወራት ይኖራል። አንቺ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ የትኛው ኬብል እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ። ርዝመቱም ከ100 ሜትር እንዳያልፍ።

ሉፕንም እወቂ፤ መረጃ መውጫ አጥቶ በኔትወርኩ ውስጥ ሲዞር ማለት ነው። አንድ ሰው የኬብሉን ሁለት ጫፍ በስህተት እዚያው ስዊች ላይ ቢሰካ ቢሮው በሙሉ ሊቆም ይችላል። ስፓኒንግ ትሪ የሚለው ገጽ ይህን ለመከላከል ነው፤ ሥራ ላይ መሆኑን እይና ካልሆነ አብሪው።

ወደ ዘመድሽ ምክር ልመለስ። ትእዛዝ መማር ግድ ነው፤ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ትልልቅ ድርጅቶች ሲቀጥሩ ይጠይቁታል። ሲሲኤንኤ የሚባለው የሲስኮ ፈተናም ያለ እሱ አይታለፍም። የፈተናው ክፍያ በዶላር ስለሆነ ግን አሁን ለእሱ ብለሽ ብድር ውስጥ እንዳትገቢ። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ካወረድሽውና ከገባሽበት በኋላ ቤትሽ ትለማመጂበታለሽ። ቀን በብሮውዘር የሠራሽውን ማታ እዚያ በትእዛዝ ድገሚው። ቢሮው ውስጥ የኮንሶል ፖርት (ላፕቶፕ ተሰክቶ ትእዛዝ የሚጻፍበት መሰኪያ) ያለው ስዊች ካለ ደግሞ የኮንሶል ኬብል ፈልጊ። የብዙዎቹ ሲስኮ ስዊቾች የኮንሶል ፍጥነት 9600 ነው። ይህን እያደረግሽ አንድ ዓመት ከሠራሽ፣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ዜሮ ዓመት» የሚለውን ብቻ ከመፈለግ ትወጫለሽ።

ሲቪሽ ላይ «የስዊች እውቀት አለኝ» ብለሽ አትጻፊ። ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። «ባለ 24 ፖርት ስዊቾች ላይ ለፋይናንስ፣ ለሠራተኛና ለእንግዳ ቪላን ለይቻለሁ፤ ባክአፕ አስቀምጣለሁ፤ የኬብል ብልሽት በፖርት ስታቲስቲክስ እለያለሁ» ብለሽ ጻፊ፤ ከሠራሽው በኋላ ማለቴ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ በብሮውዘር እንደሠራሽ አትደብቂ። «ፒቪአይዲው ካልተስተካከለ ምን ይሆናል?» ቢሉሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር የምትመልሺ ከሆነ፣ ጠያቂው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይገባዋል።

ኮንትራቱን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የስዊቾቹ ፓስወርድ በማን እጅ ነው? በብዙ መሥሪያ ቤት ወንበርና ፕሪንተር ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ተፈርሞ ይወጣል፤ ሰው ሲለቅም ተቆጥሮ ርክክብ ይደረጋል። ፓስወርዱን ግን የሚጠይቅ የለም፤ ከለቀቀው ሠራተኛ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ ስልኩን ተቀብለሽ ሰውየውን በትህትና አነጋግሪው። አብዛኛው ሰው ይናገራል። ካልተገኘ ብዙ ጊዜ ያለው መንገድ ሪሴት፣ ማለትም ስዊቹን ከፋብሪካ ወደወጣበት ሁኔታ መመለስ፣ ነው፤ ይህ ደግሞ ፓስወርዱን ብቻ ሳይሆን ቪላኑንም ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ ከመንካትሽ በፊት የትኛው ኬብል የት ፖርት ላይ እንደተሰካ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። እያንዳንዱ ክፍል ምን ምን እንደሚጠቀም ጠይቀሽ ጻፊ። ኃላፊሽ ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጡሽ። ሥራውን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን ጀምሪው። አዲሱን ፓስወርድ በፖስታ አሽገሽ ለኃላፊሽ አስረክቢ፤ መረከባቸውንም ይፈርሙልሽ።