«ወረዳ ገብተሽ ልትቀሪ ነው?» ለተባለችው የሄርማታ ተመራቂ

ሰላም ሰ.፣

ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። የጅማ ከተማ የሄርማታ ሠፈር ልጅ ነሽ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአስተዳደርና ልማት ጥናት ተመርቀሽ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። በጅማ ዞን ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የዕቅድና በጀት ባለሙያ መደብ ወጥቷል፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አባትሽ «አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርንሽ ወረዳ ገብተሽ ልትቀሪ ነው? ቢያንስ ዞን ብትገባ» ብለዋል። አጎትሽ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ አድርገው ሊያስገቡሽ ቃል ገብተዋል። አንቺ ራስሽ የምትፈሪው ወረዳ ከላይ የመጣ ወረቀት ከማመላለስ ያለፈ ሥልጣን የለውም የሚለውን ነው፤ ከዚያም አፋን ኦሮሞ ብትናገሪም በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) አለመጻፍሽን፣ ፖለቲካውን፣ ማስተርሱ መዘግየቱን ጠቅሰሻል።

የምቆየው የመጀመሪያው ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያልተማከለ አስተዳደር ተምራ የወጣች ልጅ «ወረዳ ሥልጣን የለውም» ብላ ስትጽፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጀርመንን 16 ክልሎችና የኬንያን 47 ካውንቲዎች ለፈተና አጥንተሽ ይሆናል። የአንድ ወረዳ የበጀት ሰነድ ግን ገልጠሽ ታውቂያለሽ? አይመስለኝም። ጥፋቱ ደግሞ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ማንም አላሳየሽም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ይህ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቆየ፤ የወረዳው ትምህርት ቤት ብሩን የሚጠብቀው ከላይ ካለው የትምህርት መምሪያ፣ ጤናውም ከጤና መምሪያ ነበርና። በ1994 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ፕሮግራም ሲጀመር ግን ብሩ በጥቅሉ ለወረዳው ይሰጥ፣ ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት፣ ለእርሻ ስንት የሚለውን የወረዳው ምክር ቤት ይወስን ተባለ። ብሎክ ግራንት የሚባለው ይህ ነው።

ብሩ ሲወርድ መንገዱ እንዲህ ነው። ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ክልሉ የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር አድርጎ በራሱ ቀመር ለወረዳዎችና ለከተሞች ያከፋፍላል። በኦሮሚያ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ቅርንጫፍ ሆኖ ያስተባብራል፣ ይከታተላል፣ ሪፖርት ይሰበስባል። ምክር ቤት ኖሮት በጀት የሚያጸድቀው ወረዳው ነው። አባትሽ «ቢያንስ ዞን ብትገባ» ማለታቸው ከስሙ ትልቅነት የመጣ ነው፤ ወረቀት ማመላለስን የምትፈሪ ከሆነ ከወረዳው ይልቅ ዞኑ ይበልጥ ሊያስፈራሽ ይገባል።

ወረዳው በተሰጠው ብር ላይ ምን ያህል ነጻ ነው ካልሽኝ ግን ብዙ አይደለም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ትልቁ ክፍል ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ነው የሚሄደው። ደመወዝ አይነካም። የሚነካው ሥራ ማስኬጃና ካፒታል (የግንባታው ብር) ነው። የባለሙያው ዋጋ የሚታየውም እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

በምሳሌ ልንገርሽ። የአንድ ወረዳ ጠቅላላ በጀት 100 ብር ነው እንበል፤ 75ቱ ከክልል የሚመጣ፣ 25ቱ ወረዳው ራሱ ይሰበስበዋል ተብሎ የታቀደ። ከመቶው 85 ብር ደመወዝ፣ 10 ብር ሥራ ማስኬጃ፣ 5 ብር ካፒታል ይሁን። አሁን የገቢ ዕቅዱ ተለጥጦ ወረዳው ከ25ቱ 17 ብር ብቻ ሰበሰበ። ስምንት ብር ጎደለ። ይህ ጉድለት ከመቶው 8 ብቻ ነው ብሎ የሚጽናና ሰው ነገሩ አልገባውም። ደመወዙ ስለማይነካ ስምንቱ ብር በሙሉ የሚወጣው ከ10ሩና ከ5ቱ ላይ ነው። ካፒታሉ ለጨረታ አሸናፊ ተፈርሞበት ከሆነ ከ10ሩ ሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ሁለት ብር ናት። ጤና ጣቢያው ሞተር ብስክሌት እያለው ነዳጅ የሚያጣው፣ ትምህርት ቤቱ መምህር እያለው ጠመኔ የሚቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቡ «በሉት» ይላል። የተበላበትም አይጠፋ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሲታቀድ ነው የተወለደው።

ያን ዕቅድ የሚሠራው ደግሞ አንቺ የምታመለክችበት መደብ ነው። እንደ ጎማ፣ መና ወይም ሊሙ ኮሳ ባሉ የጅማ ዞን የቡና ወረዳዎች ላይ የገቢ ዕቅድን ለ12 ወር እኩል አካፍሎ ማስቀመጥ ስንፍና ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። የመሬት መጠቀሚያውንና የእርሻ ገቢ ግብሩን ክረምት ላይ እሰበስባለሁ ብሎ ያቀደ ባለሙያ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት «አፈጻጸም ዝቅተኛ» ተብሎ ይገመገማል፤ ይደነግጥና በሁለተኛው ሩብ የተጋነነ ቁጥር ይጽፋል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ትክክለኛ ገቢ በየወሩ ዘርዝረሽ በኤክሴል አስቀምጪና ዕቅዱን በዚያ ልክ አከፋፍዪ። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ውጤቱን ግን ካቢኔው ራሱ ያየዋል።

ሌላው የሚበላሸው ነገር ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨፌ ኦሮሚያ በተለምዶ የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ሐምሌ ላይ ስለሆነ የወረዳው ምክር ቤት የሚከተለው ዓመቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ በጅማ ዝናብ ነው፤ የገጠር መንገድም ሆነ ድልድይ አይሠራም። ጨረታው ጥቅምት ላይ ከወጣ ግምገማው፣ ቅሬታው፣ ውሉ ሲያልቅ ጥር ይደርሳል፤ ግንባታው ግማሽ ሳይሆን ክረምቱ ይመለሳል። ሰኔ ላይ ብሩ እንዳይመለስ ተብሎ የማይፈለግ ወንበር የሚገዛው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሥራ ዝርዝሩንና የጨረታ ሰነዱን ክረምቱን ቁጭ ብሎ ማዘጋጀትና መስከረም እንደጠባ ማውጣት ነው። ለማንም የተሰወረ ጥበብ አይደለም፤ ክረምት ላይ የሚያስታውሰው ሰው ነው የሚጠፋው።

ከመቀጠሪያ ፈተናው በፊት የሒሳብ መደብ ቁጥሮችን እወቂያቸው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6212 አላቂ የቢሮ ዕቃ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል። ፑል ማለት ደግሞ በርካታ ሴክተር መሥሪያ ቤቶች ሒሳባቸውን በየራሳቸው ሳይሆን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጋራ የሚያሠሩበት አደረጃጀት ነው። የዕቅድና በጀት ባለሙያ ከፑሉ አካውንታንቶች ጋር ካልተስማማ ዓመቱን ሙሉ የጨለማ ሥራ ነው የሚሠራው፤ የወጣውን ብር የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ። እኔ ከበጀት ጠረጴዛ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ለዚህ ሥራ እንደማደላ አስበሽ አንብቢኝ።

ወደ ቁቤው ልሂድ። እዚህ ላይ ፍርሃትሽ እውነት አለው። አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ አድርጎ ክልሎች የየራሳቸውን እንዲመርጡ ፈቅዷል፤ የኦሮሚያ አፋን ኦሮሞ ነው። ማመልከቻው፣ ፈተናው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ሪፖርቱ ሁሉ በዚያ ነው። ግን አንቺ ቋንቋውን ከልጅነት ከጅማው መርካቶ እስከ ጎረቤት ትናገሪዋለሽ፤ የጎደለሽ ጽሕፈቱ ነው። ፊደሎቹን በሳምንት ትይዣቸዋለሽ፤ እንግሊዝኛ ላይ ሲ የምትይው እዚህ ጨ፣ ኤክስ የምትይው ጠ፣ ኪው ደግሞ ቀ መሆኑን መልመድ ነው። አማርኛ ጸሐፊን የሚጥለው ሌላ ነው። በእኛ ፊደል የሚጠብቅና የሚላላ አይለይም፤ በቁቤ ግን የሚጠብቀው ተነባቢ ሁለቴ፣ የሚረዝመው አናባቢም ሁለቴ ይጻፋል። «በዳ» ዲ የሚባለው ፊደል ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደጋ ነው። አንድ ዲ ከዘለልሽ የደጋ ቀበሌዎችን ዕቅድ የመጥፎ ቀበሌዎች ዕቅድ አድርገሽ ለካቢኔ ታቀርቢያለሽ።

ስለዚህ የአንድ ወረዳ ያለፈ ዓመት ዕቅድና ሪፖርት ለምነሽ አግኚ፤ በቀን አንድ ገጽ በኮምፒውተር ቅጂ። ከሮረ (ዕቅድ)፣ ገባሰ (ሪፖርት)፣ ገሊ (ገቢ)፣ ባሲ (ወጪ)፣ አና (ወረዳ) የሚሉትን ዓይነት የቢሮ ቃላት መቶ ሃምሳ ያህል በደብተር ሰብስቢ። ከዚያ ሰው ሲያወራ እየሰማሽ ቃለ ጉባኤ መያዝ ተለማመጂ፤ የሠፈር ዕድር ስብሰባ ከምንም ትምህርት ቤት ይበልጣል። በሁለት ሳምንት ለማመልከቻና ለፈተና የሚበቃ፣ በአራት ወር ለሥራ የሚበቃ ትደርሻለሽ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ተወስኗልና ነገ አዲስ አበባ ብትሄጂም አይባክንም።

አባትሽን በተመለከተ፣ በአክብሮት ግን በግልጽ፦ «መቅረት» የሚሉት ነገር ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ በቦታው ርቀት ብቻ የተለካ ነው። ጅማ በአባ ጅፋር ዘመን ለምኒልክ እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ ይዛ የኖረች አገር ናት፤ ቁም ነገር ሁሉ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው የሚለው ሐሳብ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ሥር ባደገ ሰው አፍ አያምርም። ለቤተሰብ ብር ትልኪያለሽ የሚባለውንም በወረቀት ላይ ሥሪው። የአዲስ አበባን የአንድ ክፍል ኪራይ፣ የታክሲ፣ የምሳ አስቢና አጎትሽ ከነገሩሽ ደመወዝ ላይ ቀንሺ፤ የቀረውን ከወረዳው መነሻ ደመወዝ ጋር አስተያዪው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስሌት ሳይሠራ ልጁን ይሸኝና ስድስት ወር ቆይቶ እሱ ራሱ ብር ይልካል። አጎትሽንም ሳታፍሪ ጠይቂያቸው፦ የጽሑፍ ውል አለው ወይ? የሙከራ ጊዜው ሕጉ ከሚፈቅደው 60 የሥራ ቀን አይበልጥም ወይ? ድርጅቱ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍልልኛል ወይ? «እሱ እዚያ ስትደርሺ ይስተካከላል» ካሉሽ መልሱን አግኝተሻል። ደግሞም የጸሐፊነት ሁለት ዓመት የዕቅድና በጀት ልምድ ተብሎ አይያዝልሽም።

ፖለቲካው፦ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ተሿሚ ነው፣ ያንቺ መደብ ግን የባለሙያ ነው፤ ኃላፊ ሲቀየር የምትቆዪው አንቺ ስለሆንሽ የፈረምሽበትን ሁሉ ኮፒ ያዢ።

ማስተርስ ሁለት የበጀት ዓመት ከዘጋሽ በኋላ ይደርሳል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያኔ አይቸግርሽም።

አፋን ኦሮሞው ጨርሶ ከከበደሽ በጅማ ከተማ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አንዱ ነው። ማስታወቂያቸውን ተከታተዪ፣ ግን ሁለተኛ ምርጫ አድርገሽ።

አሁን ነገ ጠዋት ወደ ወረዳው ሂጂና ማስታወቂያውን በዓይንሽ አንብቢ፤ በስልክ የተላከ ፎቶ ላይ የመደብ ቁጥሩና የሚፈለገው የትምህርት ዝርዝር ተቆርጦ ይቀራል። «አስተዳደርና ልማት ጥናት» የሚለው ስም ከተዘረዘሩት የትምህርት ዓይነቶች መካከል ከሌለ የሰው ኃይል ክፍሉን «ተዛማጅ» ተብሎ ይያዝ እንደሆነ ከምዝገባው በፊት ጠይቂ፤ ብዙ ተመራቂ የሚወድቀው ፈተናው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። ዋናውንና ኮፒውን፣ የመውጫ ፈተና ውጤትሽን ጭምር ይዘሽ ሂጂ። ማመልከቻውን ራስሽ በቁቤ ጻፊው፤ ከማስገባትሽ በፊት ግን ዲዎቹን ቆጥሮ የሚመልስልሽ ሰው ያንብበው።